የንጉሡ ዕንባና የሽማግሌው ምክር

የሚያለቅስ ሰው ባየን ጊዜ ልባችን ወዲያው ወደ እርሱ ያዘነብላል። ያ ሰው የሚያለቅሰው በገዛ ጥፋቱ ነው ወይስ ሌላው በሠራበት ግፍ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚያለቅሰው ትናንት ዘውድ ጭኖ የነበረ ንጉሥ ሲሆን፣ በዚያም ላይ አንደበቱ ያማረለት ሲሆን፣ ፍርድ የሚባለው ነገር ፈጽሞ ይረሳል። የእንግሊዙ ባለቅኔ ሼክስፒር ስለ ዳግማዊ ሪቻርድ የጻፈውን ቴአትር በሚያነብ ወጣት ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። መጽሐፉን ሲያጥፍ ለተሻረው ንጉሥ ያዝናል፤ ዙፋኑን የወሰደውን ሄንሪን ይጠላል፤ ጠቡ ከወዴት እንደ ተነሣ፣ ማንስ ማንን አስቀድሞ እንደ በደለ ግን ሳይጠይቅ ይቀራል።

አማርኛ አንባቢ ሼክስፒርን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከበደ ሚካኤል በተረጎሙት በሮሜዎና ዡልየት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተረጎሙት በኦቴሎና በሐምሌት ነው። በእነዚያ ድርሰቶች ውስጥ ያሉት ሰዎች በእውነት ኖረው ቢሆን ወይም ባይኖሩ ለአንባቢው ብዙ ለውጥ የለውም። የሪቻርድ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ሪቻርድ በእውነት የነገሠ፣ በእውነትም የተሻረ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ድርሰት ላይ ሁለት ፍርድ ያስፈልጋል፤ አንደኛው በባለቅኔው ሥራ ላይ፣ ሁለተኛው በሰዎቹ ሥራ ላይ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ፍርድ ሰጥተው ሁለተኛውን ይተዉታል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ለመመልከት አስቤአለሁ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴአትሩ የተጻፈው በ1595 ገደማ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚጀምረው በ1398 ነው። ሁለት ታላላቅ መኳንንት፣ ማለት የንጉሡ ያጎት ልጅ ሄንሪ ቦሊንብሮክና የኖርፎክ ዱክ ቶማስ ሞውብሬ፣ በንጉሡ ፊት ቆመው አንዱ ሌላውን ከዳተኛ ነህ እያለ ይካሰሳሉ። ነገሩ በጦር እንዲለይ ይቆረጣል። በቀጠሮው ቀን ሁለቱ በፈረስ ላይ ሆነው ሊጋጠሙ ሲሉ ንጉሡ በትሩን ጥሎ ያስቆማቸውና ሁለቱንም ከአገር ያሳድዳቸዋል። ጥቂት ቆይቶ የሄንሪ አባት የጎንት ጆን ይሞታል፤ ንጉሡም የሟቹን ርስትና ገንዘብ ሁሉ ወርሶ ወደ አየርላንድ ይዘምታል። ሄንሪ ከስደቱ ይመለሳል፤ መኳንንቱ ወደ እርሱ ይጎርፋሉ፤ ንጉሡ ከአየርላንድ ሲመለስ ሠራዊቱን ተበትኖ ያገኘዋል። ይማረካል፤ ዘውዱን በገዛ እጁ ያስረክባል፤ በመጨረሻም በእስር ቤት ሳለ ይገደላል።

ሁለት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው። ለመድረክ እንዲህ ማሳጠር ይገባል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ መንግሥት በአንድ ማታ ሊታይ አይችልምና። ነገር ግን ባለቅኔው መጋረጃውን የገለጠው ጠቡ ሲጀመር ሳይሆን ጠቡ ሊያልቅ ሲል ነው። ሁለቱ ተካሳሾች እነማን እንደ ነበሩ፣ ንጉሡስ በትሩን ሲጥል በልቡ ምን እንዳሰበ ለማወቅ የምንፈልግ እንደ ሆነ፣ ባለቅኔው ወደ ተዋቸው ዓመቶች መመለስ አለብን።

ሪቻርድ በ1367 በቦርዶ ከተማ ተወለደ። አባቱ አልጋ ወራሹ ኤድዋርድ በ1376 ሞተ፤ አያቱ ሣልሳዊ ኤድዋርድም በሚመጣው ዓመት ተከተለ። ስለዚህ ሪቻርድ በዐሥር ዓመቱ ነገሠ። በዙሪያውም ሦስት ኀይለኛ አጎቶች ነበሩ፤ እነዚህም የጎንት ጆን፣ በኋላ የዮርክ ዱክ የተባለው ኤድመንድ፣ የግሎስተር ዱክ የተባለው ቶማስ ናቸው። በልጅነቱ ዘውድ የተጫነበት ሰው ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን አብሮ ይማራል፤ ሰው ሁሉ እንደሚሰግድለትና፣ ሰው ሁሉ እንደሚያዝዘው።

በ1381፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው፣ በነፍስ ወከፍ በተጣለ ግብር ምክንያት ገበሬዎች ተነሥተው ሎንዶን ገቡ። የካንተርበሪውን ሊቀ ጳጳስ ገደሉ። ልጁ ንጉሥ በስሚዝፊልድ ሜዳ ሊያነጋግራቸው ወጣ፤ መሪያቸው ዋት ታይለር በፊታቸው ሲቈረጥ ሕዝቡ ቀስቱን አነሣ። በዚያች ሰዓት ሪቻርድ ፈረሱን ወደ እነርሱ አስጠግቶ፣ መሪያችሁ እኔ ነኝ፣ ተከተሉኝ በማለቱ ብዙ ደም ሳይፈስ ቀረ። ይህን ጀግንነት ታሪክ ጸሓፊዎች ሁሉ ያመሰግኑታል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ገበሬዎቹን ከገባርነት ነጻ የሚያወጣ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥቷቸው ነበር። አገሩ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ንጉሡና አማካሪዎቹ ያን ወረቀት ሰረዙት። በሚያስፈራ ቀን የተሰጠ ማኅተም ባማረ ቀን ሊነሣ እንደሚችል ሪቻርድ ገና ጢም ሳያወጣ አየ። ይህን ነገር አንባቢው ከልቡ እንዲያኖረው እለምነዋለሁ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናልና።

አምስት ዓመት ቆይቶ በ1386 ፓርላማው፣ የመንግሥቱን ማኅተም የሚይዘውን የንጉሡን ወዳጅ ማይክል ደ ላ ፖልን ከሥልጣኑ አውርድልን ሲል ጠየቀ። ሪቻርድም ፓርላማው ስለ ጠየቀው ብሎ ከማድ ቤቱ አሽከሮች አንዱን እንኳ እንደማያሰናብት መለሰ ተብሎ በዘመኑ ተጽፏል። በዚህ ጊዜ አጎቱ ግሎስተር ከአንድ ጳጳስ ጋራ ሆኖ ወደ ንጉሡ ሄደና፣ ከሕዝቡ ምክር የራቀ ንጉሥ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አሳሰበው። ብዙ መናገር አላስፈለገም፤ የሪቻርድ ቅድመ አያት ዳግማዊ ኤድዋርድ በ1327 ከዙፋኑ እንዲወርድ መደረጉን ሁሉም ያውቁ ነበር። ንጉሡ እሺ አለ። ሹሙ ተሻረ፤ መንግሥቱንም ለአንድ ዓመት የሚቆጣጠር ጉባኤ ተቋቋመ።

የፈራን ሰው እንዳመነ መቍጠር ትልቅ ስሕተት ነው። በሚመጣው ዓመት ሪቻርድ ዳኞችን በምስጢር ሰብስቦ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ያን ጉባኤ በንጉሡ ላይ የጫኑ ሰዎች እንደ ከዳተኛ መቀጣት ይገባቸዋል ሲሉ በማኅተማቸው አጸኑለት። ምስጢሩ ወጣ። ግሎስተር፣ የአረንደል ኧርልና የዎሪክ ኧርል ተነሡ፤ ኋላም ሁለት ወጣቶች ተጨመሩላቸው። የእነዚህ የሁለቱ ወጣቶች ስም ሄንሪ ቦሊንብሮክና ቶማስ ሞውብሬ ነው።

እንግዲህ በቴአትሩ መጀመሪያ ላይ በንጉሡ ፊት የሚካሰሱት ሁለቱ ሰዎች ከዐሥር ዓመት በፊት በአንድነት በንጉሡ ላይ ሰይፍ የመዘዙ ጓደኞች ነበሩ! ሼክስፒር ይህን በግልጥ አይነግረንም። ያልተነገረው አንባቢ የሁለት ትዕቢተኞችን ስድድብ ያያል፤ ነገሩ የተገለጠለት አንባቢ ግን፣ አሮጌ በቀል የያዘ ዳኛ በሁለት አሮጌ ጠላቶቹ ላይ ለመፍረድ ተቀምጦ ያያል።

አምስቱ መኳንንት በ1387 መጨረሻ የንጉሡን ወዳጅ የሮበርት ደ ቪርን ጦር በራድኮት ድልድይ አጠገብ በተኑ። በ1388 መጀመሪያ ፓርላማ ተሰበሰበ፤ እንግሊዞች እስከ ዛሬ የማይምረው ፓርላማ ይሉታል። የክሱን አቀራረብ የመረመሩ የሕግ ዐዋቂዎች በሕግ የማይጸና ነው ብለው ሲመሰክሩ፣ መኳንንቱ ፓርላማ ከእናንተ ሕግ በላይ ነው ብለው አለፉአቸው። የዳኞቹ አለቃ ትረሲልያን ተሰቀለ። የሎንዶን ከንቲባ የነበረው ብረምበርም ተገደለ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን የሲሞን በርሊ ሞት ነው። በርሊ የሪቻርድ ሞግዚትና መምህር ነበር፤ በዘውዱ በዓል ቀን የዐሥር ዓመቱ ንጉሥ ደክሞት ሳለ ተሸክሞ ከቤተ ክርስቲያን ያወጣው እርሱ ነው፤ በዚያም ግፊያ የሕፃኑ አንድ ጫማ ወድቆ ጠፋ። ንግሥት አን ለዚህ ሽማግሌ ነፍስ ተንበርክካ ለመነች። የንጉሡ አጎት ዮርክ ሳይቀር ከወንድሙ ከግሎስተር ጋራ በፓርላማው ፊት ተከራከረለት። ግሎስተርና አረንደል አልሰሙም። የበርሊ አንገት በሜይ 1388 ተቈረጠ።

ከመኳንንቱ ወገን ሆነው የሚጽፉ ሰዎች እኒህን ሰዎች የሕግ ጠበቆች፣ የነጻነት አባቶች አድርገው ሊያሳዩን ይፈልጋሉ። ንጉሡን መቆጣጠር ይገባ ነበር ወይ? ይገባ ነበር። ወዳጆቹ የመንግሥቱን ሀብት ያባክኑ ነበር ወይ? ክሱ ባዶ አልነበረም። ነገር ግን የሕግ ዐዋቂ ሕግ ይህ ነው ሲለው፣ ሕጉ እኔ ነኝ ብሎ የሚመልስ ሰው ስለ ሕግ ተዋጋሁ ሊል አይችልም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1399፣ ሪቻርድን ሲሽሩ 33 ክስ ጽፈው አቀረቡበት። ከነዚያ ክሶች አንዱ ሕግ በአፌ ወይም በደረቴ ውስጥ ነው ይል ነበር የሚል ነው። ከከሳሾቹ ዋነኛው ሄንሪ በ1388 ከአምስቱ አንዱ ነበረ። ሪቻርድ ያን ትምህርት ከማን እንደ ተማረው የጠየቀ የለም።

በ1389 ሪቻርድ ለአካለ መጠን ደርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ወዲህ በራሴ አስተዳድራለሁ አለ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል አገሩ ጸጥ ብሎ ኖረ። ንጉሡ ከአጎቶቹ ጋራ በላ፣ ጠጣ፤ በ1396 ከፈረንሳይ ጋራ የ28 ዓመት ዕርቅ አደረገ። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ይቅርታ ብሎ ጠርቶት ነበር። ነገር ግን በ1394 ንግሥት አን ስትሞት አረንደል ለቀብሩ ዘግይቶ ስለ መጣ ንጉሡ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በበትር መትቶ አደማው። በርሊን ያላስማረው ሰው ይኸው ነበረ፤ እርሷ የለመነችውም ሳይሰማ ቀርቶ ነበር። በዚያች ቀን ያየ ሰው የስምንቱን ዓመት ጸጥታ ከምን እንደ ተሠራ ሊያውቅ ይችል ነበር።

በ1397 ቀኑ ደረሰ። ዎሪክ ከንጉሡ ማዕድ ቀርቦ በልቶ ሲጨርስ ተያዘ። ግሎስተርን ንጉሡ ራሱ ሄዶ ያዘው። አረንደል በፓርላማ ፊት ቀረበ፤ ፓርላማውንም የቼሺር ቀስተኞች ከበውት ነበር። የተከሰሰበት ሥርዓት እርሱ ራሱ በ1388 ሌሎችን የከሰሰበት ሥርዓት ነው፤ በዚያው ቀን ተገደለ። ዎሪክ አልቅሶ ጥፋቱን አመነና ነፍሱ ተረፈችለት። ግሎስተር በካሌ ከተማ በእስር ሳለ ሞተ፤ ጠባቂውም ከአምስቱ አንዱ የነበረው ሞውብሬ ነው። የታመነ ወሬ እንደሚለው በንጉሡ ትእዛዝ ተገደለ።

ከአምስቱ ሁለት ቀሩ። በዚያው ዓመት ክረምት ሞውብሬ ከሄንሪ ጋራ በመንገድ ሲገናኝ፣ ስለ ራድኮት ድልድይ ነገር እኛንም ሊያጠፋን ነው ብሎ ነገረው። ሄንሪ ይህን ለንጉሡ ተናገረ። ሞውብሬ ካደ። ቴአትሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ባለቅኔው እንመለስ። ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው ከሆሊንሼድ የታሪክ መጽሐፍ ስለሆነ ያለፈውን አያውቅም ነበር ለማለት አይቻልም። እንዲያውም የግሎስተር ሚስት ወደ ጎንት ጆን መጥታ የወንድምህን ደም ተበቀል ስትለው፣ እርሱም ንጉሥ በእግዚአብሔር የተቀባ ስለ ሆነ እጄን አላነሣበትም ብሎ ሲመልስላት የሚያሳይ አጭር ክፍል አለ። አንባቢዎች ይህን ክፍል በችኰላ ያልፉታል። የነገሩ ቍልፍ ግን በዚያ ነው፤ ዳኛው ራሱ ነፍሰ ገዳይ ሲሆን የተበደለ ሰው ወደ ማን ይጮኻል? ጎንት ወደ እግዚአብሔር አለ። ልጁ ሄንሪ እንደ አባቱ አልታገሠም።

ከሁሉ የሚበልጠው ቃል ግን የተነገረው በሌላው ሽማግሌ፣ በዮርክ አፍ ነው። ጎንት በ1399 መጀመሪያ ሞተ። ንጉሡም ሄንሪን ሲያሳድደው፣ በስደት ሳለህ ርስት ቢደርስህ በወኪልህ ልትወርስ ትችላለህ የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥቶት ነበር። በማርች ወር ያን ወረቀት ሰረዘና የላንካስተርን ርስት ሁሉ ወሰደ። (የ1381ን ወረቀት እናስታውስ።) በቴአትሩ ውስጥ ዮርክ በዚህ ጊዜ ተነሥቶ ንጉሡን ይገሥጻል። የምክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ልጅ የአባቱን እንዲወርስ የሚያደርገው ሕግ አንድ ነው፤ ያ ሕግ ለሄንሪ ርስቱን ይሰጠዋል፤ ለአንተም ዙፋንህን የሰጠህ እርሱ ነው፤ የእርሱን ስታፈርስ የራስህን መሠረት መናድህ ነው።

ስለ መንግሥት ከተጻፉት ብዙ ትላልቅ መጻሕፍት ይልቅ ይህች አጭር ምክር ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ። ሪቻርድ እግዚአብሔር የቀባኝ ንጉሥ ነኝ ይል ነበር፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን እግዚአብሔር የቀባው የአያቱ ልጅ ልጅ ስለ ሆነ እንጂ ሌላ ችሎታ ታይቶበት አይደለም። ርስት የማይከበርበት አገር ዘውድም አይከበርም። ንጉሡ ይህን ሰምቶ ምን አደረገ? የፈለግኸውን አስብ፣ እኔ እወስዳለሁ አለው። ከዚያ ወዲያው፣ ራሱ ወደ አየርላንድ ሲሄድ አገሩን እንዲጠብቅለት የሾመው ይህንኑ ዮርክን ነው! ምክሩን ናቀ፤ መካሪውን ግን ታማኝ ነው ብሎ ዘበኛ አደረገው። የሰውን ታማኝነት እየፈለጉ ቃሉን አለመፈለግ የብዙ ጌቶች ጠባይ ነው።

ሼክስፒርን የምወቅሰው ግን እዚህ ላይ ነው። ይህን የመሰለ ቃል ያኖረው በማን አፍ ነው? ዮርክ በቴአትሩ ውስጥ የሚርበተበት፣ መልእክተኛ የሚልክበትን ቦታ የሚረሳ፣ ሄንሪ በጦር ሲመጣ አስቀድሞ ተቈጥቶ ኋላ ግን እኔ ከማንም ወገን አይደለሁም ብሎ እልፍኙን የሚከፍትለት ሽማግሌ ነው። በመጨረሻው ክፍልማ የገዛ ልጁን ከሶ ይገደል ብሎ ሲለምን ተመልካቹ ሊስቅ ይቃጣዋል። ሰው በሳቀበት ሰው ምክር አይመራም። ሪቻርድ ደግሞ በተቃራኒው ኀጢአቱ በበዛ ቍጥር ንግግሩ እያማረ ይሄዳል። በዌልስ ጠረፍ ከመሬት ላይ ተቀምጦ ስለ ሞቱ ነገሥታት ሲያወራ፣ ዘውዱን ሲያስረክብ መስተዋት አስመጥቶ ፊቱን አይቶ ሲሰብረው፣ ልቡ የማይነካ ሰው ድንጋይ ነው። ባለቅኔው ጥበቡን ሁሉ ለበደለኛው ሰጥቶ እውነቱን ለደካማው ሰጠው። እንዲህ ያደረገው ዐውቆ ይሆናል፤ በዓለም ላይም እውነት የሚናገር ሰው ሁሉ አንደበተ ርቱዕ አይደለም። ያም ቢሆን ወጣቱ አንባቢ በንጉሡ ዕንባ ውስጥ የዮርክን ምክር እንዳያሰጥም መጠንቀቅ የራሱ ፈንታ ነው።

በሄንሪ ላይ ግን ባለቅኔው ረቂቅ ፍርድ ፈርዷል። በታሪክ ርስቱ በማርች ተወስዶ ሄንሪ የተመለሰው በጁላይ መጀመሪያ ነው። በቴአትሩ ግን ንጉሡ ርስቱን በወሰደበት በዚያው ክፍል፣ ንጉሡ ከመድረኩ እንደ ወጣ፣ የኖርዘምበርላንዱ ኧርል ሄንሪ መርከቦች ይዞ እየመጣ ነው ብሎ ለጓደኞቹ ያንሾካሹካል። ርስቱ መወሰዱን ገና ሳይሰማ መርከብ የጫነ ሰው የመጣው ለርስቱ ብቻ ነው ወይ? ሄንሪ በየደረሰበት እኔ የመጣሁት ለአባቴ ርስት ነው ይላል፤ ባለቅኔው አንዳች ሳይናገር ቀኖቹን በማጠጋጋት ብቻ እንድንጠራጠረው አደረገን። የኖርዘምበርላንድ ቤተ ሰብም በ1403 በዚሁ በሄንሪ ላይ ሲያምፅ፣ ዘውዱን አልፈልግም ብለህ በዶንካስተር ምለህልን ነበር ሲል ከሶታል። ያኔ ራሳቸው ደግፈው ያነገሡት እነርሱ እንደ ሆኑ ግን አልተናገሩም።

ስለ መሐላ ካነሣን፣ ባለቅኔው የተወው አንድ ነገር አለ። ከንጉሡ ሰዎች ጋራ በዌልስ የነበረ ክሬቶን የሚባል ፈረንሳዊ እንደ ጻፈው፣ ኖርዘምበርላንድ ወደ ኮንዊ ግንብ መጥቶ በቅዱስ ቍርባን ላይ ምሎ ንጉሡ እንደማይነካ ካረጋገጠለት በኋላ፣ በመንገድ ጦር አሸምቆ ያዘው። አሸናፊዎቹ በፓርላማ መዝገብ ያጻፉት ግን ንጉሡ በኮንዊ ሳለ ደስ ብሎት ዘውዱን ልልቀቅ አለ የሚል ነው። ከሁለቱ የፊተኛውን አምናለሁ። በደስታ ዘውድ የጣለ ንጉሥ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ሼክስፒር ይህን መሐላ ከመድረኩ ላይ አምጥቶት ቢሆን ኖሮ፣ ማኅተሙን የሚሰርዝ ንጉሥና መሐላውን የሚበላ መኰንን ጎን ለጎን በታዩ ነበር።

ሌላም ለውጥ አለ። በቴአትሩ ውስጥ ስለ ባሏ የምታለቅሰው ንግሥት ሙሉ ሴት ናት፤ እውነተኛዋ ኢዛቤል ግን በ1399 ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ይህ ለመድረክ የሚፈቀድ ነው። ይልቅስ የሚያስገርመው በአትክልቱ ስፍራ ያለው ክፍል ነው። አትክልተኛው፣ ንጉሡ አገሩን እኛ ይህን አትክልት እንደምንይዘው ይዞት ቢሆን፣ ከመጠን በላይ ያደጉትን ቅርንጫፎች በጊዜው ቢከረክም ኖሮ ባልወደቀ ነበር ይላል። ባላገሩ ስለ መንግሥት የሚናገርበት ክፍል ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚናገረውም ስለ መኳንንቱ እድገት ነው እንጂ ስለ ራሱ ግብር፣ ስለ ተሰረዘው የ1381 ወረቀት አይደለም። ንጉሡና መኳንንቱ ሃያ ዓመት ሲጣሉ ሁለቱም የሕዝብ ስም ይጠሩ ነበር፤ ሕዝቡ ራሱ በመጣ ጊዜ ግን ሁለቱም አንድ ሆነው መለሱት።

የንጉሡን ሞት ባለቅኔው ኤክስተን በሚባል ባላባት እጅ፣ በእስር ቤት ውስጥ በተደረገ ውጊያ አድርጎታል። በእውነቱ ሪቻርድ የሞተው በ1400 መጀመሪያ በፖንትፍራክት ግንብ ነው፤ ወዳጆቹ ሊመልሱት አምፀው ከተሸነፉ በኋላ ሲሆን፣ ብዙዎች በረኃብ ነው ይላሉ። መቃብሩ በ1871 በተከፈተ ጊዜ በራስ ቅሉ ላይ የመመታት ምልክት አልተገኘም። ሰይፍ ይዞ እየተዋጋ የሚሞት ንጉሥ ለመድረክ ያምራል። እንጀራ ተነፍጎት በቀዝቃዛ ክፍል የሚሞት ሰው ግን አሸናፊውን ይበልጥ ያዋርደዋል፤ በዚህ በኩል ታሪኩ ከቴአትሩ የመረረ ነው።

ሄንሪም ራብዓዊ ሄንሪ ተብሎ ነገሠ። በ1403 ያነገሡት ሰዎች ተነሡበት፤ በ1405 የዮርክን ሊቀ ጳጳስ አስገደለ። ርስት ሲቀማ የዘውድ ሕግ እንደሚናድ ዮርክ የተናገረው በሪቻርድ ላይ ደረሰ፤ ዘውድ ሲቀማ ደግሞ የሁሉ ሰው ተስፋ እንደሚከፈት ሄንሪ በተራው አየው።

ይህን ቴአትር በግማሹ ብቻ ያነበቡ ሰዎች ምን እንደ ሆኑ ልንገርና ላብቃ። በ1597 በታተመ ጊዜ ንጉሡ ዘውዱን የሚያስረክብበት ክፍል በውስጡ አልነበረም፤ የታተመው በ1608 ነው፤ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ከሞተች በኋላ ማለት ነው። ኤልሳቤጥ ሸምግላ፣ አልጋ ወራሽ ሳትሰይም በነበረችበት ጊዜ የኤሴክስ ኧርል ከሥልጣንና ከገንዘብ ተሽሮ ቂም ይዞ ነበር። በፌብሩዋሪ 1601 የእርሱ ወገኖች ወደ ሼክስፒር ጓደኞች መጥተው ስለ ሪቻርድ መሻርና መሞት የሚናገረውን ቴአትር አሳዩን አሉ። ተጫዋቾቹ ይህ ድርሰት አርጅቷል፣ የሚመጣ ተመልካች ጥቂት ነው ብለው አመነቱ። ወገኖቹ ከተለመደው በላይ 40 ሺልንግ ጨመሩላቸውና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው አዩ። ያዩት መኰንን ንጉሥን ሲጥል ነው። የዮርክን ምክር፣ የሄንሪን አጠራጣሪ መርከቦች፣ ከዚያም በኋላ የሚመጣውን ደም ያየ ከመካከላቸው አልነበረም።

በማግሥቱ እሑድ ኤሴክስ ወደ ሎንዶን ከተማ ወጥቶ ሕዝቡን ተከተሉኝ አለ። የተከተለው አልነበረም። በዚያው ወር በ25 አንገቱ ተቈረጠ። ተጫዋቾቹ ተጠይቀው ስለ 40 ሺልንጉ እውነቱን ተናገሩ፤ አልተቀጡምም። ኤሴክስ በሚሞትበት ዋዜማ ማታ በንግሥቲቱ ፊት ቀርበው ቴአትር አሳዩ።